ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት፦ የኮምቦልቻ–ደሴ ዳገት ላይ ለምትሞቅ ኤስዩቪ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ሥራዬ ደሴ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን እመላለሳለሁ። ከአራት ወር ተኩል በፊት አዲስ አበባ ካለ መኪና መሸጫ ያገለገለች ኤስዩቪ ገዛሁ። ከዱባይ የገባች ናት፤ ካምቢዮዋ ሲቪቲ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ዳገቱ መሃል ስደርስ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። የሙቀት መለኪያውም ከመሃል ያልፋል። ቆም ብዬ ሳበርዳት ደህና ትሆናለች። አንዱ መካኒክ ካምቢዮው አልቋል፣ ይቀየር አለኝ። ሌላው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ አለ። ሦስተኛው የካምቢዮ ዘይት ጎድሏል ብሎ ግማሽ ሊትር የአውቶማቲክ ዘይት ጨመረበት። በየሳምንቱ ራዲያተሩ ላይ ትንሽ ውሃ ከመጨመር በቀር እኔ የነካሁት ነገር የለም። ሻጩ ለሞተርና ለካምቢዮ የ6 ወር ዋስትና በወረቀት ሰጥቶኝ ነበር። ስደውልለት ግን ‹ውጭ አስነክተሃል፣ አይመለከተኝም› አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ለእንዲህ ዓይነት ካምቢዮ ፋብሪካው የ7 ዓመት ዋስትና እንደሚሰጥ አነበብኩ። ማንን ልመን? ምን ያህል ያስወጣኛል? እስከዚያውስ መንዳት እችላለሁ?»

ካምቢዮውን አያስወርዱ። ቴስታታውንም አያስነኩ። ሦስቱም መካኒኮች ያዩትን ነገር ተናግረዋል። መኪናዋ ለምን እንደምትሞቅ ግን አንዳቸውም አልጠየቁም።

ከጻፉልኝ ሁሉ ያስደነገጠችኝ «በየሳምንቱ ትንሽ ውሃ ከመጨመር በቀር» ያሏት ናት። እርስዎ እንደ ተራ ነገር አልፈዋታል። ጤነኛ መኪና ውሃ አይጠጣም። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ዝግ መንገድ ነው፤ ወራት አልፈው እንኳ የሚታይ ነገር ላይጎድል ይችላል። በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ የሚሄድበት ቦታ አለ ማለት ነው። ወይ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፣ ወይ በእንፋሎት ይወጣል፣ ወይ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ደግሞ ወደ ካምቢዮው ይገባል። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋው ነው። ስለዚህ ምርመራው ከውሃው ይጀምራል።

የሚነዱበትን መንገድ እናስበው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ ያውም በየቀኑ። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን፣ አንዳንዴም ሩቡን ያጣል። ያንን ለማካካስ እርስዎ ነዳጅ አጥብቀው ይረግጣሉ። ሞተሩ የበለጠ ይሞቃል፤ ስሱ አየር ደግሞ ከራዲያተሩ ላይ ሙቀት የማንሳት አቅሙ ያነሰ ነው። ዱባይ ሜዳ ላይ የተሸፈነ ድክመት እዚህ ዳገት ላይ ይገለጣል። መኪናዋ ስትሸጥ አዲስ አበባ ውስጥ ዞረው ሞክረዋት ምንም አላሳየችም ይሆናል። ያ ሻጩ ዋሽቷል ማለትም፣ አልዋሸም ማለትም አይደለም።

ውሃ ደሴ ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ በጤናው ጊዜም 90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ታዲያ ለምን ሁሉም መኪና ደሴ ሲገባ አያፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ስላለ ነው። ክዳኑ ስፕሪንግ አለው፤ ውስጡን አምቆ ይይዛል። ግፊቱ ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ግን ግፊቱ ያመልጣል። ያኔ ሞተሩ ምንም ሳይሆን፣ በመደበኛ ሙቀቱ ላይ እያለ፣ ውሃው መፍላት ይጀምራል። እንፋሎቱ ይወጣል፤ ውሃው ይጎድላል። እርስዎም በየሳምንቱ ይጨምራሉ። በዚህች ትንሽ ክዳን ምክንያት ቴስታታ ሲወርድ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል። የመጀመሪያው ሥራዎ ክዳኑን መለወጥ ነው፤ በተጻፈበት የግፊት ቁጥር ልክ፣ ለመኪናዋ የተሠራውን።

የጨመሩትስ ውሃ ምን ዓይነት ነው? የቧንቧ ውሃ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። የቧንቧ ውሃ ኖራ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል፤ አሉሚኒየሙን ይበላል። ኩላንት፣ ማለትም ለማቀዝቀዣው የተሠራው ፈሳሽ፣ ዋጋው የተወደደው ለቀለሙ አይደለም። የዝገት መከላከያም አለው፣ የመፍያውን ሙቀትም ከፍ ያደርጋል።

አሁን ወደ ካምቢዮው እንምጣ። ሲቪቲ ውስጥ እንደምናውቀው ዓይነት 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ማርሽ የለም። ፊታቸው ሾጣጣ የሆነ ሁለት ፑሊዎች አሉ፤ በመካከላቸው የብረት ቀበቶ ይዞራል። ፑሊዎቹ ሲጠብና ሲሰፋ ፍጥነቱ ይለዋወጣል። ቀበቶው እንዳይንሸራተት ጨምቆ የሚይዘው የዘይት ግፊት ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ይህን ዘይት የሚያቀዘቅዘው ደግሞ የሞተሩ ውሃ ነው። ዘይቱ ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ወይም ካምቢዮው ላይ በተገጠመ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መካኒኮች የተለያየ በሽታ ያዩ የመሰላቸው ለዚህ ነው። ውሃው ሲጎድልና ሲሞቅ ዘይቱም አብሮ ይሞቃል። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ነዳጅ ይረግጣሉ፣ መኪናዋ አትጎትትም። ቆመው ሲያበርዷት ትመለሳለች። የእርስዎ ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በእርግጥ ያለቀ ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት በቀዝቃዛውም፣ ሜዳ ላይም ምልክት ያሳያል። ይንቀጠቀጣል፣ ይጎትትና ይለቃል፣ ያፏጫል።

አንድ ነገር ላርም። ሲቪቲ ዳገት ላይ መጮኹ ብቻውን በሽታ አይደለም። ሞተሩን ጉልበት የሚያገኝበት ዙር ላይ አስቀምጦ ይዞታል፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ማኑዋል የለመደ ጆሮ «ፍሪሲዮን ተንሸራተተ» ይላል። በሽታ የሚሆነው ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ሲቀንስ ነው። ይህን በጆሮ መለየት ይከብዳል፤ በኮምፒውተር ምርመራ ግን ይታያል።

ጓርኒሲዮን ያሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። ደጋግሞ የሞቀ ሞተር ጓርኒሲዮኑን ሊያቃጥል ይችላል። ግን ምልክት አለው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱና ያስነሱት፤ ሳያቋርጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ይጠርጥሩ። የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ከጭስ ማውጫው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ከወጣ፣ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚያዝ፣ የጭስ ጋዝ ሲያገኝ ቀለሙን የሚቀይር የመመርመሪያ ፈሳሽም አለ። ቴስታታ ለማውረድ ቢያንስ ከእነዚህ ሁለቱ መታየት አለባቸው። «ይመስለኛል» በቂ አይደለም።

ከዚያ የካምቢዮ ዘይቱ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ይታይ። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ሙቀት አግኝቶታል። ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል፤ የማቀዝቀዣው ውስጠኛ ግድግዳ ተበስቷል ማለት ነው። ይህን ካዩ ሞተሩን ያጥፉ፤ መኪናዋ ከዚያች ቦታ በራሷ ጉልበት አትንቀሳቀስ። ውሃ የገባበት ሲቪቲ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይጎዳል።

ሦስተኛው መካኒክ የጨመረው ግማሽ ሊትር ዘይት ቀላል ነገር አይደለም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና የሲቪቲ ዘይት ስማቸው ቢቀራረብም ሥራቸው የተለያየ ነው። የሲቪቲ ዘይት ብረት በብረት ላይ ተጨምቆ ሳይንሸራተት እንዲይዝ የተሠራ ነው። ሌላው ሲቀላቀልበት ያ ባሕርይ ይወርዳል። መውጣት አለበት። አንድ ጊዜ መቅዳት ግማሹን ያህል ብቻ ያወጣል፤ የቀረው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አጭር ርቀት እየነዱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መቀየር ያስፈልጋል፤ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ በሚጠራው ዓይነት ብቻ። ይህ ግን ሻጩ መኪናዋን ካየ በኋላ ነው። ምክንያቱን ከታች እናገራለሁ።

የኮምፒውተር ምርመራውን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። ርካሾቹ መሣሪያዎች የሞተሩን የብልሽት ኮድ ብቻ ያነባሉ። እርስዎ የካምቢዮውን ኮምፒውተር የሚያነብ ነው የሚፈልጉት። ፒ0217 ከወጣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል ማለት ነው፤ ፒ0218 ከወጣ የካምቢዮው ዘይት ሞቋል። ሁለቱም ከወጡ መጀመሪያ የሚታየው ማቀዝቀዣው ነው። ኮዱን ከማጥፋታቸው በፊት ያስወጡት፤ ወይ በወረቀት፣ ወይ የስክሪኑን ፎቶ ከነቀኑ። ከዚያም ውሃው ከተስተካከለ በኋላ መሣሪያው እንደተሰካ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አንድ ዳገት ይውጡ። መካኒኩ አጠገብዎ ይቀመጥ። የውሃው ሙቀትና የካምቢዮ ዘይቱ ሙቀት የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ ይመልከት። ውሃው ቀድሞ ከወጣ ጥፋቱ ከራዲያተሩ፣ ከፋኑ፣ ከቴርሞስታቱ (የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው) ወይም ከውሃ ፓምፑ ወገን ነው። ዘይቱ ለብቻው ከወጣ ያኔ ካምቢዮውን እንጠረጥራለን።

ከዓመታት በፊት አንድ የደሴ ሰው እንደ እርስዎ ዓይነት ችግር ገጥሞት ነበር። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ አመጣ። ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ከዕቁብ የወጣ። ካምቢዮው ተገጠመ። ወር ሳይሞላው ያም ሞቀ። እኔ ጋ ሲመጣ ራዲያተሩን አውርደን አየነው፤ ታችኛው ግማሹ ተደፍኖ ነበር። የድሮው ካምቢዮ ቀድሞ ተሽጧል፤ ምናልባትም ምንም አልሆነም ነበር። ያ ሰው ዝም ብሎ ራዲያተሩን ሲያይ የቆመበትን ሁኔታ አልረሳውም። «ለምን ሞቀ?» የሚለውን ሳልመልስ ካምቢዮ የማላወርደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ ወጪው። ቁርጥ ያለ ዋጋ አልነግርዎትም፤ መኪናዋን ሳያይ ዋጋ የሚነግርዎትንም አይመኑ። የመለዋወጫ ዋጋ ምንዛሪውን ይከተላል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የሰሙትን የካምቢዮ ዋጋ ይርሱት። ቅደም ተከተሉን ግን ልንገርዎት። ክዳን፣ ቴርሞስታትና ኩላንት ከሁሉ ይቀላሉ። ራዲያተር ማስጠረግ ወይም መለወጥ ይከተላል። ቴስታታ ማውረድ ከዚያ በላይ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ብቻ አይደለም፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ገብቶ ፊቱ ይስተካከላል፣ ዘይትና ውሃውም ይቀየራል። ካምቢዮ መለወጥ የሁሉም ቁንጮ ነው። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ገንዘብዎን ያድናል። ያገለገለ ካምቢዮ ሲገዛ የማይነገር ወጪም አለ። በአንዳንድ መኪኖች አዲሱን ካምቢዮ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር ማስተዋወቅ ግድ ነው። ያ ካልተደረገ ጤነኛው ካምቢዮም ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ደግሞ «የተበላሸ ሸጡልኝ» ይላል።

የዋጋ ግምት ሲቀበሉ ዕቃው፣ የእጅ ዋጋውና ዘይቱ ተለያይተው ይጻፉ። የወረደውን ዕቃ እንዲመልሱልዎት ከመጀመሪያው ይናገሩ። ዕቃውን ራስዎ ከገዙ ጋራዡ ለእጅ ሥራው እንጂ ለዕቃው ዋስ እንደማይሆን ይወቁ፤ ያ ትክክል ነው። ጋራዡ ራሱ ካቀረበው ግን ስንት ወር ወይም ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚዋስ ደረሰኙ ላይ ያጽፉ።

አሁን ዋስትናው። ያነበቡት የ7 ዓመት ዋስትና የኒሳን ጉዳይ ይመስለኛል። እውነት ነው፤ ኒሳን አሜሪካ ውስጥ ለሸጣቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2018 ሥሪት ለሆኑ ሮግ መኪኖች የሲቪቲውን ዋስትና ወደ 84 ወር ወይም 84 ሺህ ማይል፣ ማለትም 135 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ አራዝሞ ነበር። ነገር ግን ለተለዩ ሞዴሎች፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሰጠ ነው። የፋብሪካ ዋስትና መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው። ዱባይ ተነድታ፣ በግል አስመጪ ገብታ፣ ኮምቦልቻ የደረሰች መኪና ላይ አይሠራም። ያንን ተስፋ ይተዉት። የእርስዎ ዋስትና ያ የሻጩ ወረቀት ነው፤ እርሱም ቀላል አይደለም።

ሻጩ «ውጭ አስነክተሃል» ማለቱ ብቻውን ዋስትናውን አያፈርስም። ወረቀቱን ያንብቡ። ውጭ መነካት ዋስትናውን እንደሚያቋርጥ ተጽፏል? ካልተጻፈ በስልክ የፈጠረው ሰበብ ነው። ከተጻፈ ደግሞ ጥያቄው የትኛው ቀደመ የሚለው ነው። ችግሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ዘይቱ የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኖቹን አሁን፣ ሳይረሱ፣ ይጻፏቸው። ግን ሐቁን አልደብቅዎትም፤ ያ ግማሽ ሊትር ዘይት ለሻጩ መከራከሪያ ሰጥቶታል። ውሃ እየጎደለ ለወራት መንዳትዎም እንዲሁ። ሻጩ «ሙቀቱን እያየ ነድቷል» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ መከራከሪያ አይጨምሩለት። ካምቢዮውን እኔ የማላስከፍትዎት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተከፈተ ካምቢዮ ማንም «እናንተ አበላሻችሁት» ሊለው ይችላል።

ወረቀቱ ባይኖር እንኳ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው ይላል። ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀ በኋላ ክስ የማቅረቢያው ጊዜ 1 ዓመት ነው። እኔ መካኒክ ነኝ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት የሚደርስ ከሆነ ውሉን ለጠበቃ ያሳዩ። ለሁሉም ግን መነሻው የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። ስልክ ማስረጃ አይሆንዎትም።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ነገ ጠዋት የካምቢዮውን ኮምፒውተር በሚያነብ ጋራዥ ኮዱን አስወጣለሁ። የካምቢዮ ዘይቱን ትንሽ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቼ አስቀምጣለሁ፤ ቀኑን እጽፍበታለሁ። በዚያው ቀን ለሻጩ ደብዳቤ እጽፋለሁ፦ መቼ እንደገዛሁ፣ ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ ኮዱ ምን እንደሚል፣ በሰባት ቀን ውስጥ ባለሙያ ልኮ እንዲያይ ወይም የት እንደማደርሳት እንዲነግረኝ። ከፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ እልከዋለሁ፤ ደረሰኙን እይዛለሁ። ዋስትናው ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው የቀረው። ሻጩ እስኪመልስ የራዲያተሩን ክዳን እቀይራለሁ፤ የወጣውንም አስቀምጣለሁ፤ ማቀዝቀዣው የት እንደሚያፈስ በግፊት አስፈትሻለሁ። እነዚህ ካምቢዮውን አይነኩም። ሰባቱ ቀን ካለፈና ካልመለሰ የማቀዝቀዣውን ሥራ አስጨርሼ፣ ዘይቱን በትክክለኛው ቀይሬ፣ ዳገቱን ከመካኒኩ ጋር እወጣለሁ። ወጪውን በደረሰኝ እይዛለሁ፤ ከሻጩ የምጠይቀው እሱን ነው።

መኪናዋን ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ካስፈለገ በገመድ አያስጎትቷት። ሞተሩ ጠፍቶ የሚያሽከረክሩት ጎማዎች መሬት ላይ ሲዞሩ የካምቢዮው ውስጥ ይዞራል፣ ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ግን አይሠራም። እስከ ሐርቡ ድረስ በአይሱዙ ተጎትታ መጥታ በመንገድ ላይ ያለቀች መኪና አውቃለሁ። አራቱም ጎማዋ ከመሬት ተነስቶ፣ የጭነት መኪና ላይ ተጭና ትሂድ።

እስከዚያው መንዳት እችላለሁ ወይ ላሉት፦ ወደ ደሴ አይውጧት። ለእነዚህ ሳምንታት በሚኒባስ ይመላለሱ። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ፣ ለአጭር መንገድ ይቻላል፤ ያውም የካምቢዮ ዘይቱ ወተት ካልመሰለ፣ ውሃውም በየጠዋቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከታየ። መለኪያው ከመሃል ካለፈ ወዲያው ጥግ ይያዙ፣ ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። መርፌው ቀዩ ላይ ከደረሰ ሞተሩን ያጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑን አይንኩ፤ ፊትና እጅ የሚያቃጥለው የሚወጣው እንፋሎት ነው። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍሱ፤ እስካሁን ጤነኛ ሊሆን የሚችለውን ቴስታታ ይሰነጥቀዋል።